ሰሌዳው ጥግ ላይ የጻፍኩት 3.3

ደሴ ላይ 12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ግንቦት ሲገባ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ብሔራዊ ፈተና ስለሚቀርብ፣ የልጆቹ ፊት ይቀየራል። ሲያወሩ የነበሩት ዝም ይላሉ፣ አንዳንዷ ቁርስ መብላት ታቆማለች፣ አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ይተኛል። እዚህ ፍርሃት ላይ እኔም እንጨት ጨምሬበት አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ጥር 2015 ላይ የ2014 የብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ውጤት ወጣ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ጥግ ላይ 3.3 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። «ከመቶ ሦስት ሰው ነው ያለፈው፤ እስቲ ከእናንተ ማን ማን ነው?» አልኳቸው። ይነቃሉ ብዬ ነበር። ቁጥሩን ማንም እንዳያጠፋው አዘዝኩ፣ ሁለት ወር እዚያው ቆየ።

መጋቢት ላይ ሞዴል ፈተና ሰጠን። ከጎበዞቹ አንዷ የሆነች ልጅ አሥር ጥያቄ ብቻ አጥቁራ ወረቀቷን መለሰች። ውጭ ጠርቼ ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ «ቲቸር፣ ጥያቄውን ሳነብ ያ ቁጥር ነው የሚታየኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እነዚያ ልጆች 11ኛ ክፍል እያሉ ነው፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ደሴ በጦርነቱ የተያዘችው። ግማሾቹ በእግራቸው ተሰደው የተመለሱ ናቸው። ድንጋጤ እንዲያስተምራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር። ቁጥሩን የዚያን ቀን አጠፋሁት፣ ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ሒሳብ ስንሠራ ቁጥሮቹን ይዘን የምናሰላበት የአእምሮ ቦታ ጠባብ ነው። ፍርሃት ሲገባ ያንን ቦታ ይሻማል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ጥያቄ ፈተና ላይ «ጠፋብኝ» የሚል ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያውቀው አልጠፋም፣ ማውጣት ነው ያቃተው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ፍርሃታቸውን በወረቀት የጻፉ ፈሪ ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል።

እኔም ሞከርኩት። ከሞዴል ፈተና በፊት ባዶ ወረቀት አድላለሁ፣ የሚያስፈራቸውን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ቀድደው ይጥሉታል። አላነበውም። አንድ ልጅ ግን ሲወጣ ቆም ብሎ «እኔ የምፈራው አባቴን ነው እንጂ ፈተናውንስ እሠራዋለሁ» አለኝ። ስንቱ ቤት ነው እንዲህ ያለው?

ሌላው ሥራዬ ፈተናውን እንግዳ እንዳይሆንባቸው ማድረግ ነው። ከ2014 ተፈታኞች ወዲህ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ከቤቷ ውጭ አድራ የማታውቅ ልጅ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ሄዳ፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ዶርም አድራ፣ ጠዋት ተፈትሻ ገብታ ነው እርሳስ የምታነሳው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈተኑም አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞዴሉን በሌላ ክፍል፣ በማያውቁት ፈታኝ፣ ቦርሳ ውጭ አስቀምጠው፣ ሰዓት ተይዞ ይሠራሉ። የከበዳቸውን ዘለው የሚያውቁትን እንዲያስቀድሙም እዚያው ይለምዱታል። ዓምና ካቻምና የተፈተነ ልጅ ጠርቼ ሲያወራቸው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የጠየቁት ስለ ሻወርና ስለ ሽንት ቤት ወረፋ፣ ስለ ቁርሱ፣ ማታ መብራት ይጠፋ እንደሆነ ነው። ሒሳብ ማንም አልጠየቀም! ሲጨርሱ ግን ትከሻቸው ወርዶ አየሁት።

ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር አለ። እኛ ወሎዎች ምርቃት እናውቅበታለን። ልጅ ሊፈተን ሲሄድ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አሚን ይላል። ልጁ ያንን ይዞ ሲሄድ ደስ ይላል። ከምርቃቱ ቀጥሎ ግን «አደራህን እንዳታሳፍረን፣ የጎረቤት ልጅ እንኳን አልፏል» ይመጣል። እባካችሁ ይቺን ተዉአት። ውጤቱ ምንም ይሁን ተመልሶ የሚገባበት ቤት እንዳለው ንገሩት፣ በቃ። የመጨረሻውን ማታም አስተኙት፣ ያነበበው የሚረጋው እንቅልፍ ሲያገኝ ነው።

ያቺ ልጅ ግማሹን ሳትሞላ ቀረች፣ ማለፊያውን ላላገኙ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ በሪሜዲያል ገባች። አሁንም ትደውልልኛለች። የሀገሩ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ነው፤ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ ደርሷል። ገና ዝቅተኛ ነው፣ እናም ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ የተፈተናችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ልጆች፣ በመጪዎቹ ቅዳሜዎች አንድ ሰዓት ካላችሁ ብቅ በሉልኝ። ስለ ዶርሙ፣ ስለ ፍተሻው፣ ስለ መጀመሪያዋ ማታ አውሩላቸው። ሒሳቡን እኔ አለሁ።