ያልመጣው ጎርፍ

የምሠራው ለቡድኖች የእግር ጉዞ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። የኔ ድርሻ ዕቅዱ ነው። ካርታ አነባለሁ፣ ሰዓት አሰላለሁ፣ ውሃና መኪና አዘጋጃለሁ፣ የአየር ትንበያ እከታተላለሁ። ብዙ ሰው የእግር ጉዞ የሚጀመረው ጫማ ሲታሰር ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ቡድን ከበረሃ በሰላም መመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ቢሮ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ያለኝን እምነት ያጠነከረልኝ አንድ ደንበኛ ነው።

ደንበኛው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቡድን ነበር፤ 12 ሰዎች። የፈለጉት በረሃ ውስጥ ባለ ጠባብ ሸለቆ ገብተው፣ ከሸለቆው ራስ ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተው፣ በዚያው ቀን መመለስ ነው። አስተባባሪያቸው ቆፍጣና ወጣት ነበር። ዕቅዱን ራሱ ሠርቶ ነው የመጣው። ርቀቱ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 1,200 ሜትር። ያሰላውም በናይስሚዝ ደንብ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ነው፤ ዛሬም ድረስ እንጠቀምበታለን። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በድምሩ ስድስት ሰዓት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነስተው ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ይደርሳሉ ማለት ነው።

ከእኛ ጋር ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አንጋፋ የጉዞ መሪ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ሒሳቡ ልክ ነው ወንድሜ» አሉት። «ግን ዕረፍት የት አለ? አሸዋው የት አለ? ይሄ ሸለቆ መሐል ላይ ደረቅ ፏፏቴ አለው። በገመድ ታግዞ ነው የሚታለፈው። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ብትሰጥ ለ12 ሰው አንድ ሰዓት ሄደ። ስትመለሱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት።»

ደረቅ ፏፏቴ ማለት ዝናብ ሲኖር ውሃ የሚወርድበት፣ በሌላ ጊዜ ግን የተራቆተ የዓለት ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለውን ግድግዳ መውጣት ከመውረድ ይቀላል። ሲወጡ መያዣውን በዓይን ያዩታል፤ ሲወርዱ በእግር ይፈልጉታል፤ ያውም በደከመ እግር።

ከዚያ ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው ባዶው ገጽ ላይ ከታች ወደ ላይ መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ጀንበር የምትጠልቅበትን ሰዓት ጻፉ። ከእሱ ላይ ሁለት ሰዓት ቀነሱ፤ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሰው መጠባበቂያ። ከዚያ የመጨረሻውን ፏፏቴ። ከዚያ ከጫፉ መነሻውን። እንዲህ እያሉ ወደ ጠዋቱ ሲደርሱ መነሻው ሰዓት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ጫፉ ተደረሰም አልተደረሰም የመመለሻው ሰዓት ደግሞ ረፋድ አምስት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ በተራሮች ላይ መብረቅ የሚያዘወትርበት ወቅት ነበርና ከዚያ በላይ ጫፍ አካባቢ መቆየት አይቻልም።

ወጣቱ ትንሽ ደነገጠ። ጋሼ ግን ገና አልጨረሱም።

ስለ ሙቀቱ ተነጋገርን። በአሜሪካው ግራንድ ካንየን የፓርኩ ጠባቂዎች በሙቀት ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ሸለቆው ውስጥ እንዳይኬድ ይመክራሉ። ከአፋፉ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ በአንድ ቀን መመለስንም አይደግፉም። ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ታች ሲደርሱ ሙቀቱ ከላይኛው በእጅጉ ይበልጣል፤ ከባዱ ሽቅብ የሚጀምረውም ሰው ከደከመ በኋላ ነው። ስለ ውሃም ተነጋገርን። በሙቀት የሚሄድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያስፈልገዋል። ለአሥር ሰዓት ከ5 እስከ 10 ሊትር፤ በጀርባ ላይ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። ጨውም መያዝ ያስፈልጋል። በላብ የወጣውን ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ይህም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

አቅጣጫውም የራሱ ጣጣ አለው። ሽቅብ ሲወጡ ሸንተረሮች ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ ሲወርዱ ይበታተናሉ። ጫፉ ላይ በጥቂት እርምጃ የሳተ ሰው ታች ሲደርስ ራሱን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ያገኘዋል። ሸለቆ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሲወጡ ይከፋፈላል፣ ሲወርዱ ይገናኛል። ስለዚህ መሪው የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ካርታው ላይ አስቀድመን ቀለም ቀባን። ይህን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ።

ትልቁን ጥያቄ ያመጣችው ግን መኪና የምታስተባብረው ባልደረባችን ናት። ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ የሚገባው ውሃ የሚዘንበው የት ነው?» አለች።

እርሳስ ይዘን የተፋሰሱን ዳር ተከተልን። መስመሩ ከሸለቆው ወጥቶ፣ ከካርታው ጠርዝ አልፎ፣ ሌላ ካርታ አስዘረጋን። ውሃው የሚሰበሰበው እጅግ ርቆ ካለ ደጋ ነበር። ያ ደጋ ከሸለቆው ውስጥ ሆነው ቢፈልጉት አይታይም።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 በአሪዞና አንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች በደራሽ ጎርፍ አልቀዋል። ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ እዚህ ግባ የሚባል ዝናብ አልነበረም፤ የዘነበው ከላይ፣ ርቆ ነው። በ2015 ሴፕቴምበር ደግሞ በዩታ፣ ዛየን ፓርክ፣ ኪሆል ካንየን ውስጥ ሰባት ሰዎች በአንድ ቀን ሞተዋል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ጎርፍ ከመጣ መሸሻ የለም። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ሁለት መንገድ እንዲኖረው ተስማማን። ደጋው ላይ የነጎድጓድ ዝናብ ከተተነበየ ሸለቆው ይቀራል፤ ቡድኑ በሸንተረሩ ይወጣል። ውሳኔው የመሪው ነው፤ የሚወሰነውም ከመነሳት በፊት ነው። አስተባባሪው አንብቦ ፈረመ። አንድ ቅጂ እኔ ጋ ቀረ። ማታ 12 ሰዓት ድረስ ካልደወሉልኝ ለአደጋ ሠራተኞች እደውላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሮን ራልስተን የተባለው አሜሪካዊ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ዩታ ውስጥ ሸለቆ ገብቶ እጁ በድንጋይ ከተያዘ ወዲህ፣ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ለዚህች ቅጂ ቸልተኛ መሆን የለበትም።

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን ትንበያውን ያየሁት እኔ ነኝ። ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይጠበቃል ይላል። ለጋሼ ደወልኩላቸው። «በሸንተረሩ ነው እንግዲህ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ አብራ የሄደችው ባልደረባችን ናት። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም። ሰዎቹ ሲሰሙ ተቆጡ። አስተባባሪው፣ «ጋሼ፣ ሰማዩን አላዩትም እንዴ?» አላቸው።

«አይቼዋለሁ። ይሄ እኛ የቆምንበት ሰማይ ነው። የሸለቆው ሰማይ ያ ነው» ብለው ወደ ሩቁ ደጋ ጠቆሙት።

በሸንተረሩ ወጡ። አምስት ሰዓት ሲሆን ፊት ፊት የሚሄዱት ጫፉ ሥር ደርሰዋል። የኋለኞቹ ግን ገና ናቸው። ፈጣኖቹ እኛ ብቻ ደርሰን እንምጣ ብለው ለመኑ። ጋሼ ቡድን አይከፈልም አሉ። አንድ መሪ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። ሁሉንም መለሷቸው።

ዝናቡ አልመጣም። ደጋው ላይ ደመና ተሰብስቦ ተመልሶ ተበተነ። ሸለቆው ደረቅ እንደሆነ ዋለ።

በነጋታው የቅሬታ ደብዳቤ ደረሰን። ሸለቆ ብለን ከፈልን፣ ሸለቆ አላየንም። ጫፍ ብለን ከፈልን፣ ጫፍ አልደረስንም። ጎርፉስ የታለ? ይላል። እውነቱን ለመናገር ቢሮ ውስጥም ጋሼ አበዙት ያሉ ነበሩ። እኔ ግን በዚያን ቀንም ዛሬም አልስማማም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በነበረው መረጃ ነው። ጎርፍ ባለመምጣቱ ውሳኔው ስህተት ከሆነ፣ ነጎድጓድ በተተነበየበት ቀን ሸለቆ ገብቶ በሰላም የወጣ መሪም ትክክል ነው ልንል ነው። እንዲህ ያለ መሪ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ያስጨርሳል።

አለቃችን ሁላችንንም ሰበሰቡን። የተፈረመውን ዕቅድና የሌሊቱን ትንበያ ጎን ለጎን አስቀመጡ። «ስለ ውሳኔው ይቅርታ አንጠይቅም» አሉ። ቀጥለው ግን ማንም ያላሰበውን ጠየቁ። «ከ12ቱ ሰዎች ሁለተኛው መንገድ እንዳለ የሚያውቀው ስንቱ ነበር?»

ተደዋውለን አጣራን። የሚያውቀው አስተባባሪው ብቻ ነበር። እሱም አያስፈልግም ብሎ ስላሰበ ለሌሎቹ አልነገራቸውም። እነሱ የሸለቆውን ፎቶ አይተው፣ ጓጉተው፣ ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት። ለምን እንደተከለከሉ የሰሙት መንገዱ አፍ ላይ ቆመው ነው። መቆጣታቸው አያስገርምም። ጋሼም ያን ሁሉ ቁጣ ብቻቸውን ነው የተሸከሙት፤ ለኔ ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይሄ ነው። አንድ መሪ በረሃ መሐል ከደንበኛ ጋር መከራከር የለበትም። ክርክሩ ቢሮ ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

አለቃችን ይህንኑ ለቡድኑ በሙሉ ጻፉላቸው። ለእያንዳንዳቸው ማሳወቅ ነበረብን፣ ለዚህ ይቅርታ፤ ውሳኔውን ግን ነገም እንወስነዋለን ብለው።

አሁን አሠራሩ ተቀይሯል። ክፍያ ከመቀበላችን በፊት ከሚጓዘው ሰው ሁሉ ጋር እንገናኛለን፤ አስተባባሪ ብቻ አይበቃም። ተፋሰሱ የተሳለበትን ካርታ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ጋሼ ራሳቸው የመመለሻውን ሰዓትና ሸለቆው የሚቀርበትን ምክንያት ይነግሯቸዋል። ሁሉም ይጠይቃል፣ ሁሉም ይፈርማል። በመጀመሪያው እንዲህ ባለ ስብሰባ ጥቂት ሰዎች ጫፉ እርግጥ ካልሆነ አንሄድም ብለው ተነስተው ወጡ። አለቃችን በር ድረስ ሸኟቸው፤ ከቀሩት ጋር ተቀምጠን የውሃውን ሒሳብ ጀመርን።