ላኩት ወይስ ሞተው ፈሰሰ?

ሦስት ወር ሙሉ የሬሳ ዝቃጭ ስለካ ነበር። ያኔ ግን አላወቅኩም።

የማስተርስ ሥራዬ ኤችኤስፒ 90 ላይ ነው። ቻፐሮን ከሚባሉት ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ ሴል ውስጥ ሆኖ ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እንዲይዙ ያግዛል። የካንሰር ሴል ግን ወደ ውጭም ይለቀዋል። በ2004 የወጣ ጥናት ኤችቲ 1080 በተባሉ የፋይብሮሳርኮማ ሴሎች ላይ አሳይቶታል፦ ውጭ የወጣው ፕሮቲን ኤምኤምፒ 2 የተባለውን ኢንዛይም ለሥራ ያነሳሳል፣ ኢንዛይሙ በሴሎቹ ዙሪያ ያለውን መረብ ይበጣጥሳል፣ ካንሰሩም መውጫ ያገኛል። እኔም በእነዚሁ ሴሎች ጀመርኩ።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ሴሎቹ የኖሩበትን ፈሳሽ ትሰበስባላችሁ፣ ውሃውን ቀንሳችሁ ታወፍሩታላችሁ፣ ከዚያ ዌስተርን ብሎት፤ ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ የምትፈልጉትን እንደ መስመር (ባንድ) የሚያሳይ ምርመራ ነው። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሲረም ነው፤ ሴሎቹ የሚመገቡት የደም ፈሳሽ። ከከብት የሚመጣ ነው፤ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ስለሚበዛበት ጄሉን ሞልቶ ባንዶቹን ያጣምማቸዋል። ስለዚህ ሲረሙን አወጣሁት። አወጣሁና፣ ብዙ ፕሮቲን ላግኝ ብዬ፣ 48 ሰዓት ሙሉ ጦማቸውን አሳደርኳቸው።

ባንዱ ወፍራም ሆኖ መጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። አማካሪዬ ፎቶውን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አክቲን አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። አክቲን የሴል ውስጥ ምሰሶ ነው፣ ውጭ በብዛት ከተገኘ ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው። ሄጄ አየሁ፤ ሞልቷል። ሴሎቼ በረሃብ ሞተው የሆዳቸውን ዘርግፈዋል፣ እኔ ደግሞ «ላኩት» እያልኩ ሳወራ ነበር። (አክቲን ኤክሶሶም በሚባሉት፣ ሴል በሚለቃቸው ጥቃቅን ከረጢቶችም ትንሽ ትንሽ ስለሚወጣ እሱን ብቻ አትመኑ። ሴል ሲፈርስ የሚፈሰውን ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ጨምሩበት።)

ከዚያ ሁሉንም ቀየርኩ። ሳህኑ ጢም ሳይል እጀምራለሁ፣ ሲረሙ እንዲለቅ ሦስቴ አጥባለሁ፣ ጦሙን ወደ 16 ሰዓት አሳጠርኩት። የተሰበሰበውን መጀመሪያ በቀስታ ሴንትሪፊውጅ አደርገዋለሁ፤ ተንሳፋፊ ሴል ወደ ማወፈሪያው ከገባ እዚያው ይፈነዳል። በየቀኑ የሞተ ሴልን ሰማያዊ በሚያደርገው ትራይፓን ብሉ ቀለም የሞተውን እቆጥራለሁ፣ እጄ እስኪዝል። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን የዘለለ ሰው የሚነግራችሁን አትስሙ።

አዲሱ ባንድ ቀጭንና የገረጣ ነበር። አክቲን የለም፣ ኤልዲኤችም እዚህ ግባ የማይባል።

በመጨረሻ ብሬፌልዲን ኤ ጨመርኩ፤ ፕሮቲኖች በተለመደው መንገድ እንዳይወጡ በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ኤችኤስፒ 90 በዚያ በር ለመውጣት የሚያስፈልገው መለያ የለውም። በሩ ተዘግቶም ያ የገረጣ ባንድ እንዳለ ነበር።