በራሳችን ሜሪዳ የዋልንበት ቀን፣ የወደቡም በር ላይ የደረሰብን

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ ቴክሳስ ካለችው የጋልቬስተን ወደብ በሚነሳ የሽርሽር መርከብ (ክሩዝ) ወደ ሜክሲኮ ሄድን። ፕሮግሬሶ ወደብ ላይ የመርከቡን ቱር ሳንገዛ ወርደን ሜሪዳ ከተማ ዋልን። ነገም ዕድሉን ባገኝ እንደዚያው አደርጋለሁ። ስንመለስ የወደቡ በር ላይ የገጠመን ነገር ግን እስካሁን ሲያስታውሰኝ ያበግነኛል። ሂዩስተንም ሆነ ዳላስ ወላጆቹን አስመጥቶ በዚህ መስመር የሚያዝናና ሐበሻ ብዙ ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለከረምኩ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቪዛ። የአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ያለውም አይጠየቅም፤ እናቴ የገባችው በዚህ ነው። የእሷ ቪዛ ግን የድሮው፣ ለሁለት ዓመት ደጋግሞ የሚያስገባው ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ አድርጋዋለች። የእናታችሁ ቪዛ ይሄኛው ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ የክሩዝ ቲኬት እንዳትቆርጡ። መርከቡ ሜክሲኮ ሲደርስ እሷ ከአሜሪካ ወጥታለች፤ መመለሻው የእናንተ ራስ ምታት ነው። ቲኬት የሚሸጡት ይህን አይነግሯችሁም። እኔን በስልክ ያስተናገደችኝ ሠራተኛ «መርከቡ ተነስቶ እዚያው ስለሚመለስ ፓስፖርት እንኳን አያስፈልግም» ነው ያለችኝ። በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠርጠር ነበር፤ መመሪያው ሁሉ የተጻፈው የቴክሳስ መንጃ ፈቃድ ኪሱ ላለ ሰው ነው።

ቱሩን ለምን አልገዛሁም? ፕሮግሬሶና ሜሪዳ በሰላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ መንገዱም ሰፊ አስፋልት ነው። መርከቡ ላይ ያሉት «በራሳችሁ ሄዳችሁ ብትዘገዩ መርከቡ አይጠብቃችሁም» እያሉ ያስፈራራሉ። እውነታቸውን ነው፤ የራሳቸውን ቱር ይጠብቃሉ፣ እናንተን አይጠብቁም። ቺቼን ኢትዛ፣ የጥንት ማያዎች ፍርስራሽ ድረስ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይግዛ፣ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። ለሜሪዳ ግን መግዛት ብር መጣል ነው። ዕድሜዋ የገፋ እናት ደግሞ ባንዲራ ከያዘ አስጎብኚ ኋላ እየሮጠች ምንም አታይም።

የመሄጃው ነገር ቀላል ነው። ፕሮግሬሶ ላይ የባሕሩ ወለል ለረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም፤ ትልቅ መርከብ ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችል ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ባሕር ውስጥ ገብቶ በተሠራ መድረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ከመርከቡ እስከ ከተማው በነፃ አውቶብስ ትወሰዳላችሁ፤ በእግር መሄድ ክልክል ነው። ይህችን ነገር ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች። ከተማው ገብታችሁ ባንክ ውስጥ ካለ ኤቲኤም ፔሶ አውጡ፤ ማሽኑ «በዶላር ላስላ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ። ከዚያ የሜሪዳ አውቶብስ መነሻ ድረስ ትንሽ የእግር መንገድ ነው። ሜሪዳ ውስጥ መንገዶቹ በቁጥር ስለሆኑ አትጠፉም፦ ሙሉ ቁጥሮቹ ከሰሜን ደቡብ፣ ጎደሎዎቹ ከምሥራቅ ምዕራብ ይሄዳሉ። የነሐሴ ሙቀቱ ግን ቀልድ አይደለም። ጥላና ውኃ ያዙ።

ዋናው አደባባይ ዳር የሞንቴሆ ቤት አለ። ሜሪዳን በፈረንጆቹ 1542 የቆረቆረው የስፔን ጦረኛ ቤተሰብ ያሠራው ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። እኔ ውስጡን ላሳያት ስቸኩል እማዬ ደጃፉ ላይ ቀረች። ከበሩ በላይ ጦር የያዙ ሁለት ወታደሮች በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ የቆሙት አፋቸውን ከፍተው በሚጮሁ የሰው ጭንቅላቶች ላይ ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ አየችና «ይኼንን በራቸው ላይ አስቀርጸው ነው በየቀኑ ሲገቡ ሲወጡ የኖሩት?» አለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ መግባት አልፈለገችም፤ እኔም አልገባሁም። ካቴድራሉ እዚያው አደባባዩ ላይ ነው። በ1598 ያለቀ ሲሆን፣ ድንጋዩ ፈርሶ ከነበረው የማያዎች ከተማ የተወሰደ ነው። እማዬ ደጁ ላይ ጫማዋን አወለቀችና ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። የከለከላት የለም። ከቱር ጋር ብንሄድ አሥር ደቂቃ ይሰጡን ነበር፤ እሷ ግን ጸሎቷን እስክትጨርስ ቆየን። ለእኔ የጉዞው ዋጋ ያ ነው።

ምግቡ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሜሪዳ ያለችበት የዩካታን ግዛት ዋና ምግብ ደግሞ አሳማ ነው። ባቄላ ብላችሁ የምታዙት ጥቁር ወጥ እንኳን አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ስብ የተሠራ ነው፤ «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ካርኔ» (ያለ ስብ፣ ያለ ሥጋ) ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካመነቱ ተዉት። እኛን ያዳነን ሲኪል ፓክ ነው፦ የተቆላ የዱባ ፍሬ ከተጠበሰ ቲማቲም ጋር ተፈጭቶ የሚቀርብ፣ በበቆሎ ቂጣ እየተጠቀሰ የሚበላ። ላዩ ላይ የአገሩን አባኔሮ ቃሪያ አስከትፋ በላች፤ አስተናጋጁ «ይጠንቀቁ» ብሎ ቆሞ ሲጠብቃት እሷ ጨምርልኝ አለችው። የሉካስ ደ ጋልቬስ ገበያ ውስጥ እንደ አዋዜ የራሰ ቀይ የቅመም ሊጥ በክምር ይሸጣል። ገዝተን ሂዩስተን ይዘነው ገብተናል።

አሁን ወደ ተቆጣሁበት ነገር።

ከመውረዳችን በፊት በድምጽ ማጉያ ደጋግመው ያሉት ይህ ነው፦ «የመርከብ ካርዳችሁንና ፎቶ ያለው መታወቂያ ያዙ፤ ፓስፖርታችሁን ካቢን ውስጥ ካዝና ውስጥ ተዉት፣ እንዳይጠፋባችሁ።» እኔ ይህ ለእማዬ እንደማይሠራ ስለጠረጠርኩ ማለዳ እንግዳ መቀበያው ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። «እናቴ የአሜሪካ መታወቂያ የላትም፤ ያላት ፓስፖርትና በአማርኛ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ፓስፖርቷን ልያዝ?» አልኩት። ሰውዬው መታወቂያዋን አይቶ «ፎቶ አለው፣ ይበቃል። ፓስፖርቱን ተይው፣ ከፈለግሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው» አለኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። አነሳሁት።

ስንመለስ መድረሻው መግቢያ በር ላይ የደረስነው በመርከቡ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ነው። መሳፈሪያው የሚዘጋው 9 ሰዓት ተኩል ነው። በቂ ጊዜ ነበረን። እኔ ካርዴንና መንጃ ፈቃዴን አሳይቼ አለፍኩ። እማዬ የቀበሌ መታወቂያዋን ሰጠች። ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው፤ ካርዱን ተቀብሎ ገለበጠው፣ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ መልሶ ገለበጠው። ፎቶው ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ስሟ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከካርዱ ላይ እሱ ሊያነበው የሚችለው ነገር ቢኖር ቁጥሩን ነው። የአገልግሎት ማብቂያው ላይ ጣቱን አድርጎ «2018። ጊዜው ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው» አለ።

በእኛ አቆጣጠር ገና 2017 እንደሆነ፣ ካርዱም እንደሚሠራ አስረዳሁት። በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፣ በስልኬ ወደ ስፓኒሽ አስተርጉሜ አሳየሁት። አነበበና ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከስልኬ የፓስፖርቷን ፎቶ ከነቪዛው አውጥቼ ሰጠሁት፤ «ፎቶ አንቀበልም፣ ዋናውን» አለኝ። ዋናው ያለው መርከቡ ውስጥ ነው፤ መርከቡ ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ባሕሩ ውስጥ ነው። እኔ ሄጄ ላምጣ ብል እማዬን ቋንቋ በማታውቅበት አገር ደጅ ላይ ትቻት ልሄድ ነው፤ ደግሞስ ሄጄ ለመመለስ ጊዜው ይበቃል? አውቶብሶቹ እየሞሉ ይሄዳሉ።

አለቃውን ጥራልኝ አልኩት። ጠራው፤ አለቃውም በዝግታ እየተራመደ መጣ። እኔ ሰዓቱን ባሳየው ግድግዳው ላይ ያለውን አሳየኝ፦ ከሰባት ሰዓት ተኩል ብዙም አላለፈም። «ገና ሁለት ሰዓት ገደማ አላችሁ፣ አትጨነቂ» አለኝ።

ይህ ነው እንግዲህ ሁለተኛው መዘዝ። ሜክሲኮ በፈረንጆቹ ሰመር ሰዓት የማስቀደሙን ሥርዓት ከጥቅምት 2022 በፈረንጆቹ ጀምሮ በአብዛኛው አገሯ አቁማለች። ቴክሳስ አላቆመችም። የእኛ መርከብ ደግሞ የሚሄደው በቴክሳስ ሰዓት ነው። ስለዚህ በፈረንጆቹ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ድረስ ዩካታን ከመርከቡ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነች። ስልካችሁ የአገሩን ኔትወርክ ሲያገኝ ሳይጠይቃችሁ ራሱን ያስተካክላል። መርከቡ ላይ ይህን የነገሩን በራሪ ወረቀት ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል «የመርከቡን ሰዓት ይከተሉ» በማለት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት እንደሚለያይ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚለያይ የተናገረ ሰው የለም። የእኔን ስልክ ጠዋት በመርከቡ ሰዓት ላይ ቆልፌው ነበር። የእማዬ የእጅ ሰዓት ደግሞ ኔትወርክ አያውቅም፤ በሂዩስተን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። እጇን ዘርግታ ለአለቃው አሳየችው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው ይላል። እሱ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ መሰለውና ራሱን ነቀነቀ። እዚያች ደቂቃ ላይ እንባዬ መጣ።

ያዳነችን ከመርከቡ የጽዳት ሠራተኞች አንዷ ናት፤ የዕረፍት ሰዓቷን ከተማ አሳልፋ ልትመለስ ሰልፍ ላይ ነበረች። ሳልጠይቃት መጣች። የመርከቡ ሰዓት ስንት እንደሆነ ለአለቃው ነገረችው፤ ቀጥላ የእማዬን የመርከብ ካርድ ቁጥር አይታ ወደ መርከቡ ጥበቃ ደወለች። ጋልቬስተን ላይ ስንሳፈር እያንዳንዳችን ፎቶ ተነስተናል፤ ያ ፎቶ ከካርዱ ጋር ተያይዞ እነሱ ኮምፒውተር ላይ አለ። ከዚያ ወደ በሩ በሬዲዮ ተነጋገሩ፤ አለፍን። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ግን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመናል፤ እማዬም በፍልሰታ ጉልበቷ። አውቶብሱ ሲያደርሰን 9 ሰዓት ከ25 ነበር።

ማታ እንግዳ መቀበያው ሄጄ ሁሉን ዘርዝሬ ተናገርኩ። ሌላ ሰው ነበር ተረኛው። «መመሪያችን ትክክል ነው፤ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ የመያዝ ኃላፊነት የተሳፋሪው ነው» አለኝ። ጠዋት ባልደረባው ካርዱን በእጁ ይዞ ያለውን ነገርኩት። «ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን።» ሂዩስተን ከገባሁ በኋላ ለኩባንያው ጻፍኩ፤ የመጣው መልስም ያው ነው። ለዚያች ሠራተኛ ምስጋና ጽፌ ስሟን ጠቅሻለሁ፤ ቢያንስ ያ እንዲደርሳት እመኛለሁ።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ያላቸው ፓስፖርት ብቻ ከሆነ ማንም ምንም ቢል ፓስፖርቱን ይዛችሁ ውረዱ። ይጠፋል የሚባለው እውነት ነው፤ ለዚህ ልብስ ሥር የሚታሰር ቀጭን ቦርሳ አለ፣ ገበያ ውስጥም አይከፈትም። የቀበሌ መታወቂያ ከአገር ቤት ውጭ መታወቂያ አይደለም፤ የፓስፖርት ፎቶም ፓስፖርት አይደለም። የስልካችሁን ሰዓት ከመርከብ ሳትወርዱ በእጃችሁ ቆልፉት። በበሩ በኩል ለማለፍ ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ፕሮግሬሶ ድረሱ፤ መርከቡ «ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ ተመለሱ» የሚለው በእግር ሄዳችሁ ለምትገቡበት ወደብ ነው፣ አውቶብስ ለሚጠበቅበት ለዚህ አይሠራም። መርከቡ ቀጥሎ የሚቆምባት ደሴት ኮዙሜል ላይ የሰዓቱ ነገር ይለያል፦ ደሴቷ ያለችበት የኪንታና ሩ ግዛት ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ስለማትቀይር ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ከቴክሳስ ጋር እኩል ናት፤ በቀሩት ወራት አንድ ሰዓት ቀድማ ትሄዳለች፣ ቢበዛ ቀድማችሁ ብትመለሱ ነው።

በማግስቱ ኮዙሜል ስንደርስ ድምጽ ማጉያው «ፓስፖርታችሁን ካቢን ውስጥ ተዉ» አለ። የእማዬ ፓስፖርት ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ወረድን።