አፈር የቆላሁበት ምጣድ

አፈር በምጣድ ስቆላ እማዬ ድንገት ገባች። አማተበች። የእንጀራ ምጣድ እንኳ አልነበረም፣ የቆሎው ነው። ለእሷ ግን ያው ነው። «ልጄ አበደች» ብላ ወጣች።

መነሻው ቲማቲሜ ነው። አምና ነሐሴ ላይ አጎቴ ጤፉን ቱ ፎር ዲ (2,4-ዲ) የሚባለውን ፀረ አረም ረጨ። እኔ ደግሞ ያንኑ ፓምፕ ተውሼ፣ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ፣ ቲማቲሜን የሻጋታ መድኃኒት ረጨሁበት። በሦስተኛው ቀን አዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ክር ቀጥነው ተጠማዘዙ። ግንዱም ተጣመመ። 2,4-ዲ ተክሉ ራሱ የሚያመነጨውን የእድገት ሆርሞን መስሎ ይገባና ያለ ልክ ያሳድገዋል። ጤፍ የሣር ዘመድ ስለሆነ ይችለዋል። ቲማቲምን ግን የፓምፕ እጣቢ ይበቃዋል።

አጎቴ ሳቀብኝ። «በሽታ ነው እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። እሱንማ አፈሩ ይበላዋል። ባይበላው በዓመቱ የምዘራበት ሽምብራ እንዴት ይበቅል ነበር?»

«ይበላዋል» የሚለው ቃል ከነከነኝ። ማን ነው የሚበላው?

ካልተረጨ ጥግ ዋልካ አፈር አመጣሁ። ግማሹን ቆላሁ፣ ግማሹን እንዳለ ተውኩ። በድልህ ጣሳዎች ሞልቼ ሁሉም ላይ እኩል የተበረዘ 2,4-ዲ አፈሰስኩ። ሦስት ሳምንት እርጥበታቸውን እየጠበቅኩ ቆየሁና ምስር ዘራሁ። ጥሬው አፈር ላይ ምስሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። የተቆላው ላይ ግን ብቅ ያለው አጭርና ጎባጣ ነበር። ነቅዬ ሳየው ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ እንደ ጉቶ ሆኗል። እሳት ከአፈር የሚቀይረው ሕይወቱን ብቻ አይደለምና ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ይህንን በደንብ አድርጎ የሠራው ሰው ለንደን ውስጥ ነበር፤ አውደስ ይባላል፣ ጊዜውም 1940ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች)። 2,4-ዲ የተቀላቀለበት ውሃ በአፈር ውስጥ ደጋግሞ አሳለፈ። መጀመሪያ ላይ ብዙም ለውጥ የለም፤ ቀናት ካለፉ በኋላ መድኃኒቱ በፍጥነት ይጠፋል። ሁለተኛ ሲጨምርበት ወዲያው መጥፋት ይጀምራል፣ መጠበቅ የለም። ተህዋስያንን የሚመርዝ ነገር ሲያስገባበት ደግሞ ሥራው ቀጥ ይላል። በላተኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፣ ምግቡ ሲመጣ በዙ። እንዲያውም አንዳንዶቹ የመብላቱን ሙያ በትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ተሸክመው ለጎረቤት ባክቴሪያ ያካፍላሉ። በመጨረሻ የሚተርፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ክሎራይድ ነው።

እና አጎቴ ልክ ነበር? በግማሽ። እነዚህ በላተኞች አየር ይፈልጋሉ። ዋልካ መሬት ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሲታፈን ሥራቸው ይጓተታል። ከእነሱ አምልጦ ጥልቅ የከርሰ ምድር ውሃ የገባ ነገር ደግሞ ምግብና አየር ያነሰበት ቦታ ነው የደረሰው። አትራዚን የሚባለውን ሌላ ፀረ አረም ጀርመን በ1991 (በፈረንጆች) አግዳ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም በከርሰ ምድር ውሃዋ ውስጥ ይገኝ ነበር።

ስለዚህ ከአጎቴ ጋር የተጣላሁት በጤፉ አይደለም፣ በወንዙ ነው። ፓምፑን ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚያጥበው። ወንዝ ውስጥም ባክቴሪያ አለ፤ ግን ውሃው ይሄዳል። ከታች ሰዎች በዚያው ጎመንና ቲማቲም ያጠጣሉ፣ ከብት ይጠጣል። ባክቴሪያዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ እጣቢው ሰዎቹና ከብቶቹ ጋ ይደርሳል።

ጣሳዎቹን ወስጄ አሳየሁት። ጎባጣውን ምስር በጣቱ አገላብጦ ብዙ አየው። ዘንድሮ ፓምፑን ጤፉ ዳር አጠበ፣ እጣቢውንም እዚያው የጤፉ ማሳ ላይ መልሶ ረጨው፣ ሦስት ጊዜ። የእኔን ቲማቲም ግን አሁንም «በሽታ ነው» ይላል።