መሐረቡና መክደኛው

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሻይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የመምህራን ማረፊያችን ውስጥ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያላቀፈ የለም። ጣጣዬም የመጣው ከዚሁ ብርድ ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው የሼክስፒር ተውኔት «ኦቴሎ» ነበረኝ፤ ዳር ዳሩን ለዓመታት ማስታወሻ የጫርኩበት። አንድ ሰኞ ጠፋ። ሐሙስ ዕለት አብረውኝ አማርኛ የሚያስተምሩት ጋሼ በብብታቸው ሸጉጠውት ሲያልፉ አየሁ። ያን ሰሞን ሁለታችንም ለትምህርት ክፍል ኃላፊነት ታጭተናል። አለቀ! ከዚያ ወዲያ ሲስቁ በእኔ ነው፤ ዝም ሲሉ ተንኮል እየጎነጎኑ ነው። «አንተ ልጅ፣ ቆይማ» ብለው ሁለቴ ጠርተውኛል፤ «ክፍል አለኝ» ብዬ አለፍኩ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ለባለቤቴ እንዳልነግራት በመጽሐፍ ማኩረፌ አሳፈረኝ።

ለተማሪ ግን ምላሴ ስል ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻን እየጠቀስኩ፣ የዘር ኩራት ለሰብለ የመጣውን ባል ሁሉ እንዴት እንዳስመለሳቸው ስተነትን አላፍርም።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ «ኦቴሎ»ን ስናጠና፣ ኦቴሎ ለሚስቱ ለዴዝዴሞና የሰጣት መሐረብ ጋ ደረስን። ኦቴሎን የሚያታልለው ወታደሩ ኢያጎ መሐረቡን የኦቴሎ ምክትል በሆነው በካሲዮ ማደሪያ ይጥለዋል፤ ኦቴሎ ካሲዮ ዘንድ ሲያየው የዴዝዴሞናን ክህደት ያረጋገጠ ይመስለዋል። ጋቢ የደረበች ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ካሲዮን ‹ከየት አመጣኸው?› ቢለው አያልቅም ነበር?»

«ኢያጎ ተንኮለኛ ስለሆነ...»

«ደግሞ መሐረቡን የጣለው እኮ ራሱ ኦቴሎ ነው።»

እውነቷን ነው። ራሴን አመመኝ ሲላት ዴዝዴሞና በመሐረቡ ልታስርለት ትሞክራለች፤ ገፋ ሲያደርገው ይወድቃል። ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ የምትሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቦታ ስንት ዓመት አስተማርኩት!

ደወሉ ሲደወል ቀጥታ ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ...»

«ዛሬ ጆሮ አበቀልክ?» ብለው መሳቢያቸውን ከፈቱ። «ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ ከድነህበት፣ ደወል ሲደወል ጥለኸው ሮጥክ። ጀርባው ተገንጥሎ ስለነበር ቤት ወስጄ በኮላ አጣበቅሁት። ልሰጥህ ብጠራህ ትሸሸኛለህ።»

ሽፋኑን ገለበጥኩት። የብርጭቆው እንፋሎት ክብ ጠባሳ ትቶበታል፤ ኮላው ገና ይሸታል።

«ሻይ ልቅዳልህ?» አሉኝ።