«አትርሳኝ» ያለችው ማን ናት?

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ ወዳጆቼ! ደሴ አዲሱን ዓመት እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና ነው የተቀበለችው። የጦሳ ተራራ ጨርሶ አይታይም። ብርዱም አለ። ግን ልጆቹ በጠዋት አበባ ሥለው በር በር እያንኳኩ ነው፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እናቴም ቡና እየቆላች ነው። ቡናው እስኪደርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ፊቴ አንድ ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥም። አንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ቤት ውስጥ ቆማለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀኝ እጇን ወንበር ላይ አሳርፋ። ከኋላዋ መጋረጃ ላይ የተሣለ ሐይቅና ዘንባባ ይታያል። ስትገለብጡት በሰማያዊ ቀለም፣ ረጋ ባለ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ለማስታወሻ ይሁንህ። አትርሳኝ። ደሴ፣ 1963 ዓ.ም.»

ስም የለውም። ለምን እንዳልጻፈች ይገባኛል። የሰጠችው ሰው ያውቃታላ!

ይህ ፎቶ እጄ የገባው በታኅሣሥ 2014 ነው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ብዙው ሰው ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። እናቴ የቤቱን ካርታና የትምህርት ማስረጃዎቻችንን በፌስታል ያዘች። አያቴ የያዘችው ጀበናዋን ብቻ ነበር። «እምዬ፣ አሁን ጀበና ምን ያደርጋል?» አልናት። «የምንደርስበት ቤት ሰው አይደል እንዴ ያለው? ባዶ እጄን ልግባ?» አለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጀበናዋን እንደ ሕፃን ታቅፋት ነበር።

ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ ጠበቀን። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ምጣዱ እንኳ የለም። የአያቴ ሳጥን ተገልብጧል። ከእናቷ የወረሰቻት ጠገራ ብር ሄዳለች። ፎቶዎቹ ግን ወለሉ ላይ ተበትነው፣ በጫማ ተረግጠው እዚያው አሉ። እነሱን የፈለገ ሰው አልነበረም። እናቴ ተንበርክካ እየሰበሰበች «ተመስገን፣ ዋናው ተርፏል» አለች። እኔም አመንኳት።

ማታ በሻማ ተሰብስበን አንድ በአንድ ስናነሳቸው ነው ነገሩ የገባን። «ይሄ ማነው?» «እንጃ።» «ይቺስ?» «የአባትህ ወገን ትመስለኛለች።» ከ140 ፎቶ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ቤት ውስጥ አልተገኘም። እነዚህን ሰዎች ማንም አልሰረቀንም። ዕድሜያችንን ሙሉ ሳጥኑ አጠገብ ቡና እየጠጣን ሳንጠይቅ የቀረነው እኛው ነን። ያን ሌሊት ስለ ቴሌቪዥኑ ያወራ ሰው ትዝ አይለኝም።

አያቴ እያለች እንዴት አታውቋቸውም ትሉኝ ይሆናል። የአያቴ ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ፎቶ እጇ ላይ ብታስቀምጡላት ጠርዙን ትዳስሳለች እንጂ አታይም። ስለዚህ እኛ በቃል እንሥልላት ጀመር። «ጢም አለው፣ ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ከጎኑ በቅሎ አለች።» «በቅሎዋ ነጭ ናት?» «አዎ።» «እንግዲያው የአባቴ ወንድም ነው፣ ቦሩ ሜዳ የነበረው።» እንዲህ እያልን ብዙዎቹን አገኘናቸው። የዚችን ልጅ ፎቶ ስንነግራት ግን ዝም አለችና «ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለች?» ብላ ጠየቀች። ሻማውን አስጠግተን አየን። ልክ እዚያ ቦታ ላይ ጭቃ ያለው ጫማ ረግጦታል። ምስሉ ተልጧል። ማን ብላ እንደጠረጠረች ብንለምናት፣ ብንለምናት፣ «ያላረጋገጥኩትን ሰው ስም አልጠራም» አለች።

አያቴ ካረፈች ሁለት እንቁጣጣሽ አለፈ።

እኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር ያኮራናል፣ እኔም አባቴ አስቆጥሮኝ በቃሌ አውቃለሁ። ያን ሌሊት ግን አንድ ነገር አሳፈረኝ። የቆጠርኳቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሰባት አባቶች ደርድሬ፣ የአያቴን እናት ስም አላውቅም ነበር! ስማችን አባት ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚሄድ እናቶች ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሳይደርሱ ይጠፋሉ። ፎቶዎቹ ላይ ስማቸው የጠፋብንም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ከእኛ ትንሽ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡት። የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የራሳቸው ሥዕል ከነስማቸው አለ፣ ለገዳሙ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሯል። ከ700 ዓመት በላይ አልፎ ማን እንደሰጠው ዛሬም የምናውቀው አንድ ሰው ቀለም አንስቶ ስለጻፈው ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየምም በዚያው በ2014 ተዘርፏል። ሙዚየም ውስጥ አንድ ጋሻ ቢጠፋ ግን ከየት እንደመጣና የማን እንደነበር የሚናገር መዝገብ ብዙ ጊዜ ይኖራል፣ ሲገኝም በዚያ ይለያል። የእኛ ቤት ጋሻ ቢጠፋስ በምን እንለየዋለን?

ከዚያ በኋላ አያቴን መቅዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ስልኬን ፊቷ ደቅኜ «እምዬ፣ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪን» አልኳት። «እኔ ምን ታሪክ አለኝ? ስወልድ፣ ስጋግር ነው የኖርኩት» ብላ ዘጋችው። ሌላ ቀን ጀበናዋን እጇ ላይ አስቀምጬ «ይቺን ማን ገዛልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች! ከሰኞ ገበያ ተነስታ፣ ስለ ሠርጓ፣ ስለ አማቷ፣ በ66ቱ ረሃብ በር ላይ ስለሚቆሙት ሰዎች፣ አንዷን ልጅ ቤት አስገብተው ስላሳደጓት። ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ ዕቃ አስይዟችሁ ጠይቁ። ወሬው ዕቃውን ተከትሎ ይመጣል።

መቼ ተወለድሽ ስላትም ዓመተ ምሕረት አልነገረችኝም። «ደሴ ቦምብ የወረደ ቀን እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ» አለች። ያ ኅዳር 1928 ነው፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን የደበደቡ ጊዜ። ስለዚያ ቀን በሰፊው የሚነገረው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው ነው። አያቴ ከእናቷ የሰማችው ደግሞ ምጣድ ላይ ተጥላ ስለቀረች እንጀራ ነው። እናቷ ሕፃኗን አዝላ ወደ ጦሳ ስትሮጥ እንጀራዋን አላወጣቻትም፣ እስክትሞት ድረስም ያቺ እንጀራ ትቆጫት ነበር አሉ። ከ86 ዓመት በኋላ ያቺ የታዘለች ሕፃን ጀበና ታቅፋ ሐረጎን ወረደች። ጀበናዋን ለምን እንዳልተወች የገባኝ ይህን ስሰማ ነው።

ደግሞ ጎረቤታችን ሐጃ አሉ። ከጦርነቱ በኋላ በመጣው ዘመን መለወጫ ለቡና ሲመጡ ፎቶዎቹን ዘረጋንላቸው። 11 ሰው በስም ለዩልን። የእኛን ቤት ሠርግ ከእኛ በላይ ያውቁታል፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው የታረደውን በሬ ያበሰሉት እሳቸው ናቸውና። ወሎ እንዲህ ነው፣ የአንዱ ቤት ታሪክ ግማሹ የሚገኘው ከጎረቤት ነው። ዘመድ ያላወቀውን ጎረቤት ጠይቁ።

ስለ አያያዙ በአጭሩ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያሳልፋል። የደሴ ክረምት እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ ሳጥኑን ከመሬትና ከግድግዳ አርቁት። ተጣብቀው የተገኙ የድሮ ፎቶዎችን በደረቁ አትላቀቁ፤ የእኛዎቹን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረን ስንጠብቅ በራሳቸው ተላቀቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገን ጥላ ላይ አደረቅናቸው። በስልክ ስታነሷቸው ጀርባቸውንም አንሱ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። የእኛው አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ጂዳ ያለችው እህቴ ጋ ነው።

ቡናው ደርሷል፣ እናቴ እየጠራችኝ ነው። ዛሬ አቦሉን በአያቴ ጀበና ነው የምንጠጣው፣ ጆሮዋ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ደህና ናት። ሐጃም ይመጣሉ።

እናንተ ደግሞ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደጋችሁ፣ ዛሬ እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁ ጋ ስትሄዱ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። በ1963 ደሴ የነበረች፣ ምናልባት ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት፣ ጽሑፏ በጣም የሚያምር፣ ረዘም ያለች ቀይ ዳማ ልጅ ያውቁ እንደሆነ። ዛሬ በሕይወት ካለች ሰባን ሳታልፍ አትቀርም። ስሟን ብቻ ንገሩኝ። እርሳሱን ቀርጬ አስቀምጫለሁ።

መልካም እንቁጣጣሽ!