ከሂሳብ ወደ ሰው ሀብት፦ የ3 ወር ትምህርቴ

ከሂሳብ ክፍል ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ከተዛወርኩ 3 ወር ሞላኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ደግሞ ቀን ሥራ ላይ እሞክረዋለሁ። እንደኔ ከሌላ ሙያ የመጣችሁ ስለማትጠፉ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ወር ቃላት በመለየት አለፈ። ለምሳሌ ምልመላና መረጣ ለኔ አንድ ነበሩ። ምልመላ ብቁ አመልካቾች እንዲመጡ ማድረግ ነው። መረጣ ከመጡት ውስጥ ለቦታው የሚሆነውን መለየት ነው። ሥልጠናን፣ ዝውውርን፣ ዕድገትንና ስንብትን እንዲሁ ላይ ላዩን አየኋቸው።

ትምህርቱ የምር የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ተሞላና የመጋዘን ሠራተኛችን ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቢሮ መጥተው «ልጄ፣ ሥራህን በደንብ አልሠራህም ተባልኩ። ሥራህ ይሄ ነው ያለኝ ሰው ግን እስከዛሬ የለም» አሉኝ።

ፋይላቸውን አወጣሁ። የቅጥር ደብዳቤ አለ፣ የዋስ ወረቀት አለ። የሥራ መዘርዝር፣ ማለትም የሠራተኛው ተግባርና ኃላፊነት የሚጻፍበት ወረቀት፣ የለም። ነጥብ የተቀነሰባቸው ዕቃ ወደ ቅርንጫፍ ዘግይቶ ስለደረሰ ነው። ማጓጓዙ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

በቃ፣ የሥራ ትንተና፣ ማለትም ሥራው ምን ምን እንዳለው አጥንቶ መጻፍ፣ እዚያው ጀመርኩ። ሁለት ቀን መጋዘን አብሬያቸው ዋልኩ። ዕቃ ሲገባ ቆጥረው ሲረከቡ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ሲሞሉ፣ ወጪ ሲያደርጉ እያየሁ ጻፍኩ። ሥራው ከማን ይመጣል? ወደ ማን ይሄዳል? ሳያስፈቅዱ መወሰን የሚችሉት ምንድን ነው? እያልኩ ጠየቅኩ። ከዚያ እነዚሁኑ ጥያቄዎች ለቅርብ አለቃቸው አቀረብኩ። ሁለቱ መልሶች የሚገናኙት ግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጻፈው መደቡ፣ ማለትም የሥራ ቦታው፣ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ጋሼ የተሰበረ መደርደሪያ ራሳቸው ይጠግናሉ። እጃቸው ይባረክ! መዘርዝሩ ላይ ግን አላሰፈርኩትም፤ ነገ የሚተካቸው ሰው አናጢነት ሊጠየቅ አይገባም። የሥራ መዘርዝር ስለ ሥራው ይናገራል። ተፈላጊ ችሎታ የሚባለው ደግሞ ሥራው ከሠራተኛው የሚፈልገውን ትምህርት፣ ልምድና ክህሎት ይናገራል። የቅጥር ማስታወቂያውም፣ የቃለ መጠይቁም ጥያቄ፣ የምዘናውም መስፈርት ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ይወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሥራው ካልተጻፈ በእነዚያ ቀናት ምኑን እንመዝናለን?

ሦስተኛውን ወር ለአዋጁ ሰጠሁት። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ያስደነገጠኝ ግን የትርፍ ሰዓቱ ነው። እኛ ዘንድ የመጋዘን ቆጠራ የሚደረገው እሁድ ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 እየተባዛ ነበር። 1.5 የቀን ትርፍ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። የአንዱ ሰዓት ሂሳብ 30 ብር ነው። እሁድ 4 ሰዓት ከሠራ 240 ብር ይገባዋል፤ በ1.5 ከተሰላ የሚደርሰው 180 ነው። ይህን ፔሮል ሂሳብ ክፍል ሳለሁ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በጣም ነው ያዘንኩት። ልዩነቱ ወደ ኋላ ተሰልቶ እንዲከፈል ማስታወሻ ጽፌ ጸድቋል።

የጋሼም ምዘና በአዲሱ መዘርዝር እንደገና ተሠራ። ማጓጓዙ መኪና ወደሚያሰማራው የስምሪት ክፍል ሄደ፤ እሳቸውም አለቃቸውም ፈረሙ።

እስካሁን ከ14 መደብ የ5ቱን መዘርዝር ጨርሻለሁ። አሁን የያዘኝ የጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መደብ ነው፤ ሁለቱንም የምትሠራው አንዲት ልጅ ናት። ለሁለት ይከፈል ብዬ ላቅርብ ወይስ እንዳለ ልጻፈው? የገጠማችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።